ልብሳችን ስንት ቀን ያገለግላል?

ምግብ፣ ልብስና መጠለያ ለሰው ልጅ ኑሮ ከሁሉ የሚቀድሙ ነገሮች መሆናቸውን ከትምህርት ቤት ጀምሮ ስንሰማ ያደግን ነን። ስለ ምግብ መወደድና ስለ ቤት ኪራይ በየቢሮውና በየሻይ ቤቱ ሲነገር ይዋላል። ስለ ልብስ ግን የምንነጋገረው አዲስ በተገዛ ጊዜ፣ «አምሮብሃል፤ ስንት ገዛኸው?» ለመባባል ያህል ብቻ ነው። ልብሱ ስንት ቀን እንዳገለገለ፣ ከምን እንደተሠራ፣ ሲያረጅም ወዴት እንደሚሄድ የሚጠይቅ ሰው እምብዛም አይገኝም። ዛሬ በዚህ ገጽ ለማንሣት የወደድነው ይህንኑ ሳይጠየቅ የቀረ ጥያቄ ነው።

ጥያቄው በተለይ ሁለት ወገኖችን ይመለከታል። አንደኛው ከቤተ ሰቡ በሚላክለት ጥቂት ገንዘብ የሚማረው ተማሪ ነው። ሁለተኛው ሥራ ከያዘ ገና ሁለት ሦስት ዓመት የሆነው ወጣት ሠራተኛ ነው። ይህ ሁለተኛው ሰው ደኅና ለብሶ መታየት ግዴታው ነው፤ አለቃውም ባለጉዳዩም አስቀድሞ የሚመዝነው በልብሱ ነውና። ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተወሰነበት ከሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ከውጭ አገር የሚመጣው ዕቃ ዋጋ ወደ ላይ መውጣቱን የማያውቅ የለም። ስለዚህ ወጣቱ ርካሹን መርጦ ይገዛል፤ ርካሹ በሦስት ወር ይነትባል፤ ሌላ ርካሽ ይገዛል። ዓመቱ ሲያልቅ ሣጥኑ ሙሉ ነው፤ ነገር ግን ለሰው ፊት የሚሆን ልብስ አንድ እንኳ አይገኝበትም። ብዙዎቻችን የምናውቀው ነገር ስለሆነ ማስረዳት አያስፈልገውም።

ልብስን አክብሮ መያዝ ከባሕር ማዶ የመጣ አዲስ ትምህርት አይደለም። አንድ ጋቢ ባንድ ደኅና ቤት ውስጥ የሚያልፍበትን መንገድ እንመልከት። ጥጡ ተዳምጦ ፍሬው ይወጣለታል፤ በደጋን ተነድፎ ባዘቶ ይሆናል፤ እናት ወይም አያት በእንዝርት ትፈትለዋለች፤ ድርና ማጉ ተዘጋጅቶ ለሸማኔ ይሰጣል። ጋቢው አራት እጥፍ ሆኖ ተሠርቶ ሲመጣ በመጀመሪያ የክት ነው። ለበዓል፣ ለሠርግና ለትልቅ ሰው ቤት ካልሆነ አይወጣም። ጥቂት ዓመታት ሲያልፉ የዘወትር ይሆናል፤ ከዚያም የሌሊት መደረቢያ ይሆናል። ሲሳሳ ለሁለት ተቀዶ ለሕፃን ማቀፊያና ማዘያ ይውላል። ሕፃኑም ካደገ በኋላ እራፊው ዕቃ ማድረቂያ፣ በመጨረሻም የምጣድ ማሰሻ ይሆናል። መብራት ባልገባበት አገር ደግሞ ከእራፊው ላይ ጥቂት ተተርትሮ የኩራዝ ክር ይሆንና በርቶ ያልቃል። እንግዲህ ይህ ጋቢ ከክት እስከ ኩራዝ ድረስ ሲያገለግል ቆይቶ፣ ከአመድ በቀር ያስቀረው ቆሻሻ የለም።

አሁን ደግሞ ባለፈው ወር በርካሽ የተገዛውን ሸሚዝ እንይ። ኮሌታው ሲበላና ደረቱ ሲያብብ ለምን ይውላል? ለማሰሻ እንኳ አይሆንም። በጋለ ምጣድ ላይ ቢያሳርፉት ቀልጦ ይጣበቃል። ውኃ አይመጥምምና ዕቃ ለማድረቅም አይመችም። ነገሩ እንዲህ የሆነው ጨርቁ ፖሊስተር ስለሆነ ነው። ፖሊስተር የተባለውን ክር እ.ኤ.አ. በ1941 ዊንፊልድና ዲክሰን የተባሉ ሁለት የእንግሊዝ አገር ኬሚስቶች ፈለሰፉት። ከነዳጅ ዘይት የሚወጣ ሲሆን፣ የውኃ መያዣው ፕላስቲክ ጠርሙስ ከሚሠራበት ነገር ጋር ዘሩ አንድ ነው። ዛሬ በዓለም ላይ ከሚመረተው ክር ሁሉ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ይኸው ነው።

ይህን ስንል ፖሊስተርን በጅምላ ለመኮነን አይደለም። ለዝናብ ልብስ፣ ለስፖርት ልብስና ለቦርሳ የሚስተካከለው ጥቂት ነው። ከጥጥ ጋር ሲደባለቅም ሸሚዙን ያጠነክረዋል፤ ቶሎ እንዲደርቅ፣ እንዳይጨማደድም ይረዳዋል። ክፉ ጎኑ የጨርቁ ዕድሜና የልብሱ ዕድሜ አለመመጣጠኑ ነው። በቀጭኑ ተፈትሎ፣ በችኮላ ተሰፍቶ የሚሸጠው ፖሊስተር ልብስነቱ በጥቂት ወራት ያልቃል፤ ጨርቅነቱ ግን አያልቅም። ቦይ ውስጥ ቢወድቅ አይበሰብስም። በታጠበ ቁጥርም ዓይን የማያያቸው ደቃቅ ክሮች እየለቀቀ ከእጣቢው ጋር ወደ ወንዝ ይልካል።

እንዲህ ያለው ልብስ የበዛው በቅርብ ጊዜ ነው። ኤለን ማካርተር ፋውንዴሽን የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ጥናት፣ ከ2000 እስከ 2015 ባሉት 15 ዓመታት ውስጥ በዓለም ላይ የሚሠራው ልብስ ብዛት በእጥፍ ገደማ ማደጉን ገልጿል። በዚያው ዘመን አንድ ልብስ ከመጣሉ በፊት የሚለበስበት ጊዜ አጠረ። ካረጀው ልብስ ተመልሶ አዲስ ልብስ የሚሆነውም ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። «አሮጌው ልብስ ተመልሶ ይሠራል» የሚለው የማስታወቂያ ቃል ስንት እንደሚያወጣ ከዚህ ላይ መገመት ይቻላል።

እንግዲያውስ ጥጥ እንልበስ የሚል ይኖራል። ጥጥም ቢሆን ዕዳ የሌለበት አይደለም። አንድ የጥጥ ካናቴራ ለመሥራት፣ ከእርሻው ጀምሮ ሲታሰብ፣ 2,700 ሊትር ያህል ውኃ እንደሚፈጅ ይገመታል። በመካከለኛው እስያ የሚገኘው አራል የተባለው ባሕር በስፋቱ ከዓለም ሐይቆች አራተኛ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ የሶቪየት መንግሥት አሙ ዳርያና ሲር ዳርያ የተባሉትን ገባሮቹን ወደ ጥጥ እርሻ ስለመለሳቸው አብዛኛው ክፍሉ ደርቆ፣ መርከቦቹ በአሸዋ ላይ ቀሩ። ምሳሌ ፍለጋ እስከዚያ ድረስ መሄድም አያሻም። በአዋሽ ሸለቆ ከ1950ዎቹ ዓ.ም. ወዲህ የተስፋፋው የጥጥ እርሻ ለፋብሪካዎቻችን ክር ሰጥቷል። ነገር ግን እርሻው የተዘረጋበት የወንዝ ዳር መሬት የአፋር ከብት አርቢ በበጋ ጊዜ ከብቱን የሚያድንበት ግጦሽ ነበር። ጥጥ በለበስን ጊዜ ይህንንም ጭምር መልበሳችን ነው።

ከጨርቁ በኋላ ደግሞ የሰፊዋ እጅ አለ። ሚያዝያ 16 ቀን 2005 ዓ.ም. በባንግላዴሽ ዋና ከተማ በዳካ አጠገብ ራና ፕላዛ የተባለ ሕንፃ ተንዶ ከ1,100 በላይ የልብስ ፋብሪካ ሠራተኞች አለቁ። ግድግዳው መሰንጠቁ ከአንድ ቀን በፊት ታይቶ ነበር፤ ሠራተኞቹ ግን ትእዛዝ ይደርሳል፣ መርከብ ይቀድመናል ተብለው እንዲገቡ ተደረገ። ወደ አገራችን ስንመለስም፣ በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ለብዙ ሺህ ወጣቶች፣ ይልቁንም ለሴቶች፣ ሥራ ሰጥቷል። ይህ በጎ ነገር ነው። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2019 የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ያወጣው ጥናት፣ በዚያ ያለችው ሰፊ የመነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር መሆኑንና ይህም ካጠናቸው አገሮች ሁሉ ያነሰ መሆኑን ጽፏል። አንድ ሸሚዝ በጣም ርካሽ ሆኖ ሲገኝ ያልተከፈለ ሰው መኖሩን ማሰብ ይገባል።

ይህን ሁሉ የሰማ ወጣት፣ «እኔ ብቻዬን ምን ላደርግ እችላለሁ? ፋብሪካውን አልሠራሁትም፤ ወንዙንም አልጠለፍሁትም» ቢል አይፈረድበትም። ነገር ግን ልብሱ ከተሠራ በኋላ ውኃውም፣ ነዳጁም፣ የሰፊዋም ድካም ወጥቶ አልቋል። ይህ ወጪ ባሥር ቀን ይካፈል ወይስ በሁለት መቶ ቀን የሚለውን የሚወስነው ለባሹ ብቻ ነው። ለዚህ ነው የልብስን ነገር በቀን መቁጠር ይሻላል የምንለው።

ሒሳቡ ቀላል ነው። አንድ ወጣት በ800 ብር ሸሚዝ ገዛ እንበል። ሸሚዙ 16 ቀን ተለብሶ ቀለሙ ሄደ፤ ስፌቱም ተተረተረ። ስለዚህ ለአንዱ ቀን 50 ብር ከፍሏል ማለት ነው። የሥራ ባልደረባው ደግሞ በ2,400 ብር ጠንካራ ሸሚዝ አሰፍቶ 120 ቀን ለበሰው፤ ቀኑን የለበሰው በ20 ብር ነው። ከሁለቱ ብክነት የገባበት በርካሽ የገዛው ነው። በርግጥ 2,400 ብር ባንድ ጊዜ ማውጣት ለሁሉ አይቻልም፤ የድኻ ሰው ችግሩም ይኸው ነው። ቢሆንም ሦስት ጊዜ ርካሹን የሚገዛ ሰው ያንኑ ገንዘብ ማውጣቱ አልቀረም። ዕቁብ ለዚህ ጉዳይ ቢውል ነውር የለውም፤ ለድግስ የሚሆን ዕቁብ ለአንድ ደኅና ኮት ለምን አይሆንም?

ልብስ ሲገዙ መመርመር ደግሞ የገንዘብ ብዛት አይጠይቅም። መርካቶ የገባ ሰው ልብሱን ከመልበሱ በፊት ይገልብጠው፤ የልብስ ምሥጢሩ ከውስጥ ነው። ስፌቱን በሁለት እጁ ይዞ ቀስ ብሎ ይሳበው፤ ክፍተት ከታየ ይተወው። ጨርቁን ወደ ብርሃን አንሥቶ ይመልከት፤ ገና አዲስ ሳለ እንደ ወንፊት የሚያሳይ ከሆነ ከጥቂት እጥበት በኋላ ምን ሊሆን ነው? በጠርዙና በጎኑ ታጥፎ የተረፈ ጨርቅ መኖሩን ይይ፤ ሰው ይወፍራል፣ ይከሳል፣ ሱሪውም ሊለቀቅ ወይም ሊጠብብ ይችላል። ቁልፉ በሁለት ዙር ክር ብቻ ተንጠልጥሎ እንደሆነም የቀረው ሥራ እንዴት እንደተሠራ ከዚያው ይታወቃል።

ጥጥ ነው ተብሎ የተሸጠው ነገር በርግጥ ጥጥ መሆኑን ለማወቅ የቆየ ብልሃት አለ። ከጠርዙ አንድ ክር መዝዞ፣ ከልብሱ አርቆ፣ በክብሪት ማቃጠል ነው። ጥጥ እንደ ወረቀት ይነዳል፤ ሽታውም የተቃጠለ ወረቀት ሽታ ነው፤ የሚቀረው ለስላሳ አመድ ነው። ሱፍ እንደ ጠጉር ይሸታል፤ እሳቱም ቶሎ ይጠፋል። ፖሊስተር ግን ይኮማተርና ይቀልጣል፤ ሲበርድ በጣት የማይፈረፈር ጠንካራ እንክብል ይተዋል። ነጋዴው ይህን ሲያዩት ፊቱን ቢያጨፈግግ አያስደንቅም።

ይህ ብልሃት ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልገው በባህል ልብስ ገበያ ነው። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ የሐበሻ ቀሚስና ነጠላ እየመሰለ በፋብሪካ የሚታተም ጨርቅ በየሱቁ ሞልቷል። ከሩቅ ሲያዩት ጥለቱም፣ መስቀሉም፣ ቀለሙም የሸማኔ ሥራ ይመስላል። ገልብጦ የተመለከተው ሰው ግን ወዲያው ያውቀዋል። ሸማኔ የሠራው ጥበብ ክሩ ከጀርባውም ይታያል፤ የታተመው ግን ጀርባው የፈዘዘ ወይም ባዶ ነው። ከእንጦጦ ግርጌ በሽሮ ሜዳ ያሉት ሸማኔዎች፣ ብዙዎቹ ከጋሞ ደጋ የመጡ ዶርዜዎች ናቸው፤ አንዱን ጥለት ለመጨረስ ጉድጓድ ውስጥ እግራቸውን ከትተው ስንት ቀን እንደሚቀመጡ ሄዶ ያየ ያውቃል። በእንዝርት የምትፈትለውም ሴት ከዚሁ ሥራ ላይ እንጀራዋን ትቆርሳለች። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሸማኔውንና አንጥረኛውን በሥራው መስደብን በአዋጅ ከልክለው ነበር። ዛሬ ሸማኔን በአፉ የሚሰድብ ሰው ጥቂት ነው። ነገር ግን ሥዕሉን ከሸማኔው ወስዶ፣ በፕላስቲክ ክር ላይ አትሞ፣ በዓል ሲደርስ በርካሽ የሚሸጠውን ነገር «ያገር ልብስ» ብለን ስንለብስ ከስድቡ የሚያንስ በደል አይመስለንም።

«የሸማኔው ሥራ ግን ውድ ነው» የሚል መልስ ይመጣል። እውነት ነው፤ ውድ ነው። እዚህ ላይ ለጥምቀት ስለ ቀሚስ የሚነገረውን ተረት ማስታወስ ያስፈልጋል። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ሲባል ብዙ ሰው ለጥምቀት አዲስ ቀሚስ ይገዛ የተባለ ይመስለዋል። ተረቱ ግን አዲስ የሚል ቃል የለበትም። ያማረ ቀሚስ ካለሽ ከሣጥን አውጥተሽ ለዚያ ቀን ልበሺው ነው የሚለው። የጥንቷ እመቤት ያንኑ ቀሚስ በየዓመቱ ስታወጣ፣ ሰውም ቀሚሱን እንደ ዘመድ ሲያውቀው ነውር አልነበረም። «ያምናውን ለበሰች» የሚለው ሐሜት ፎቶግራፍ በየእጁ ከገባ ወዲህ የመጣ ይመስለናል፤ ሥዕሉ ከታየ ልብሱ የሞተ ያህል ሆኗል። በአንድ ሠርግ ላይ ለሚዜዎች ሁሉ አንድ ዓይነት ተሰፍቶ ከሠርጉ ማግሥት ጀምሮ የሚሰቀለውን ልብስ ያየ ሰው፣ «ሲያጌጡ ይመላለጡ» ቢል ተሳስቷል አይባልም።

ከሠርጉ ልብስ ግን የመሥሪያ ቤቱ ካናቴራ ይብሳል። ይህን ነገር ወጣት ሠራተኞች ከሌላው ይበልጥ ስለሚያውቁትና ስለሚያደርጉትም ጥቂት እንቆይበት። ሥልጠና ተደረገ፤ ካናቴራ ታተመ። ዐውደ ጥናት ተጠራ፤ ካናቴራና ቆብ ታተመ። የዓለም የዚህ ቀን፣ የዓለም የዚያ ቀን ተከበረ፤ እንደገና ካናቴራ። አልፎ አልፎም የአካባቢ ጥበቃ ቀን ተብሎ በፖሊስተር ካናቴራ የተከበረበት ጊዜ ይኖራል። በሰኔ ወር በጀት ሊዘጋ ሲል ደግሞ የተረፈችው ገንዘብ እንዳትመለስ ለማተሚያ ቤት ትሰጣለች። ካናቴራው ሁሉም ባንድ ልክ የተቆረጠ ስለሆነ ቀጭኑ ይዋኝበታል፤ ወፍራሙ አይገባበትም። በደረቱ ላይ መፈክር፣ በጀርባው ላይ ዓመተ ምሕረትና የአምስት ድርጅት ምልክት ስላለበት፣ ከዚያ ቀን በኋላ ለብሶት ከቤት የሚወጣ የለም። የአንድ ቀን ልብስ ማለት ይህ ነው። ከላይ ያልነውን 2,700 ሊትር፣ ጥጥ ከሆነ፣ ላንድ ከሰዓት በኋላ ማፍሰስ ነው።

እዚህ ላይ ወጣቱ ሠራተኛ አቅም የለኝም ማለት አይችልም። የግዥውን ጥያቄ የሚያረቅቀው ብዙ ጊዜ እሱ ነው። በማስታወሻው ላይ ከካናቴራው ይልቅ ለተሰብሳቢው ምሳ ወይም የትራንስፖርት ገንዘብ ቢጨመር ይሻላል ብሎ መጻፍ ይችላል። ግድ ካናቴራ ይሁን ከተባለም ዓመተ ምሕረቱን ማስቀረት፣ ጽሑፉን አሳንሶ ከኪስ ላይ ማድረግ፣ ልኩን በሦስት ዓይነት ማዘዝ፣ ጨርቁም ጥጥ እንዲሆን በዝርዝሩ ላይ ማስገባት ይቻላል። እንዲህ ያለ ካናቴራ ቢያንስ ለእሑድ ልብስ ማጠቢያ፣ ለቤት ውስጥ ሥራ ይለበሳል። አለቃ አይቀበለውም ብሎ አስቀድሞ ተስፋ መቁረጥ አይገባም፤ ወጪ የሚቀንስ ማስታወሻ የሚጠላ አለቃ ጥቂት ነው።

ስለ ሰልባጅ አንድ ሁለት ቃል ሳንል አናልፍም። ቃሉ ከእንግሊዝኛ የመጣ ሲሆን ከጥፋት የተረፈ ዕቃ እንደማለት ነው። ሰልባጅ ለብሶ «ከውጭ ዘመድ ልኮልኝ ነው» የሚል ሰው ሁላችንም አጋጥሞናል። በበኩላችን የሚያሳፍር ነገር አላየንበትም። ሌላ ሰው ያልጨረሰውን ጠንካራ የሱፍ ኮት ገዝቶ፣ አሳጥቦ፣ በልኩ አስጠብቦ የለበሰ ወጣት፣ አዲስ ሆኖ ሳለ በወሩ ከሚፈታ ኮት ይልቅ ደኅና ነገር ለብሷል። ይሁን እንጂ ቦንዳው ሲፈታ ጥሩው ከላይ፣ እራፊው ከታች ነው። በጋና ዋና ከተማ በአክራ ያለው ካንታማንቶ የተባለ ትልቅ ገበያ ከአውሮፓና ከአሜሪካ የሚላክ አሮጌ ልብስ የሚራገፍበት ነው። የአገሩ ሰዎች ልብሱን «የሞተ ነጭ ሰው ልብስ» በሚል ትርጉም ይጠሩታል። የማይሸጠው ቆሻሻ የከተማውን ቦይና የባሕሩን ዳር ሲሞላው ይታያል። ወደ እኛም አገር በአብዛኛው በኮንትሮባንድ የሚገባው ቦንዳ ከዚሁ ዓይነት ስለሆነ፣ የሰዎቹ ልግስና ነው ብሎ መቀበል የዋህነት ነው። መርጦ መግዛት ግን ሌላ ነገር ነው።

የተገዛውን ልብስ ዕድሜ የሚያሳጥረው ከመልበሱ ይልቅ አስተጣጠቡ ነው። ጂንስ ሱሪ አንድ ቀን ስለተለበሰ አይታጠብም፤ ነፋስ ይበቃዋል። የሱፍ ኮት በብሩሽ ተጠርጎ፣ አንድ ቀን ተለብሶ አንድ ቀን ቢያርፍ ብዙ ዓመት ይኖራል፤ ተጠቅልሎ ሣጥን ውስጥ ከተረሳ ግን የብል ቀለብ ነው። ባለ ቀለም ልብስ ተገልብጦ ይታጠብ፤ ተገልብጦም በጥላ ይሰጣ፤ ደጋው ፀሐይ ቀለም በመብላት ወደር የለውም። ነጭ ልብስ ሁሉ በበረኪና ካልተዘፈዘፈ አይነጣም የሚለው ልማድ ደግሞ ሊታሰብበት ይገባል። በረኪና ሲደጋገም የጥጡን ክር ያደክመዋል፤ ነጠላው ነጥቶ ሳለ በጣት ሲነኩት የሚቀደደው ለዚህ ነው። እናቶቻችን ሸማ የሚያጥቡበት እንዶድ ነጠላውን እንደዚያ አይጎዳም ነበር። ነገርን ከነገር ያነሣዋልና፣ ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በአድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ባለው ውኃ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይቶ፣ እንዶድ የቢልሃርዝያን በሽታ የሚያዛምቱትን ቀንድ አውጣዎች እንደሚገድል የደረሰበት በዚሁ በልብስ አጠባ ምክንያት ነው። አጣቢዎቹ ባይኖሩ ኖሮ ሳይንቲስቱ ምን ያይ ነበር?

በየሰፈሩ ባንድ የስፌት መኪና ደጃፉ ላይ የሚቀመጠው ልብስ ሰፊ ለብዙ ወጣቶች የማይታወቅ ጎረቤት ነው። ወላጆቻችን ኮት ሲገረጣ ያስገለብጡ ነበር፤ ማለት፣ ስፌቱ ተፈትቶ የውስጡ ገጽ ወደ ውጭ ሆኖ እንደገና ይሰፋል። ይህን የሚሠራ ሰው ዛሬ ማግኘት ሊያስቸግር ይችላል። የሸሚዝ ኮሌታ ማስገልበጥ ግን ቀላል ሥራ ነው፤ የተበላው ወደ ታች፣ ደኅናው ወደ ላይ ይሆንና ሸሚዙ ሌላ ዓመት ያገለግላል። የሱሪ መቀመጫ ሳይቀደድ ገና ሲሳሳ ከውስጥ መደገፊያ ማስገባት፣ የተሰበረ ዚፕ መለወጥ፣ የኮት ገበር ማሳደስ ሁሉ ከአዲስ ልብስ ዋጋ ጋር የሚወዳደር ወጪ የለበትም። ቁልፍ መትከልስ? ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ቁልፍ መትከል የማይችል ወንድ ልጅ በዶርም ውስጥ መርፌና ክር ያላት እኅት ፍለጋ መዞሩ ያሳዝናል። መርፌና ክር የወንድና የሴት የለውም፤ ሸማኔውም ልብስ ሰፊውም ወንዶች አይደሉምን?

የሸማ ልብስ ያለው ሰውም ጥለቱ ደኅና ሆኖ መሐሉ ብቻ ካረጀ ሁሉንም አይጣለው። ጥለቱን አስፈትቶ በሌላ ሸማ ላይ ማስገጠም ይቻላል። ነጠላውም ለትራስ ልብስ፣ ለሕፃን መጠቅለያ ይቆረጣል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የተረፈውን ልብስ የሚቀበል ሰው ከደጃችን አልጠፋም። ጧት ጧት «ልዋጭ! ልዋጭ!» እያለ ሳፋና ባልዲ ተሸክሞ የሚዞረው ሰው አሮጌ ልብስ በዕቃ እየለወጠ ይወስዳል፤ የወሰደውም ታጥቦና ተጠግኖ ለሌላ ሰው ይደርሳል። ልብሱን ሲቀበል የሚያደርገውን ልብ ብላችሁ ተመልከቱት። ሱሪውን ይገለብጣል፤ ስፌቱን ይስባል፤ መቀመጫውን ወደ ብርሃን አንሥቶ ያያል፤ ከዚያ በኋላ ነው ለባልዲው የሚከራከረው።